የተሰበረ ጥፍር፣ የግራኝ እጅና የሰንጢ ማኅተም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስከፍት ነው የምውለው። በዓመት ተኩል 4 ሰንጢ ገዛሁ። አንዱ ጥፍሬን ሰበረው። አንዱ ምላጩ እንደ ወላቃ ጥርስ ይነቃነቃል። አንዱ ክሊፑ መዳፌን ይልጠኛል፤ ደግሞ ግራኝ ነኝ። አራተኛው ከነሣጥኑ ሲመጣ ጀምሮ አይቆርጥም። ሁሉም ርካሽ፣ ሁሉም ቻይና የተሠሩ ናቸው። አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ‹የአሜሪካን ግዢና ተገላገዪ› ይለኛል። ዋጋው ግን ሦስትና አራት እጥፍ ነው። እውነት ልዩነት አለው? ወይስ ባንዲራ ነው የምገዛው? ለገና አገር ቤት ስለምሄድ ለአባቴም አንድ ልወስድለት አስቤያለሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ለጥፍርሽ ግን አዝኛለሁ። አራቱም ቅሬታዎችሽ በየሳምንቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚመጡ ናቸው። ሥራዬ ቢላ መሳልና መጠገን ነው። ቀን ቀን ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ ያሉ የሬስቶራንትና የሥጋ ቤት ቢላዎችን እስላለሁ። ማታ ደግሞ የሰው ሰንጢ እፈታለሁ፣ አጥባለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ።

አገር ቤት «ሰንጢ» የሚለው ቃል የዱርዬ ስም ተለጥፎበታል። እናቴ እስከ ዛሬ ሥራዬን ለጎረቤት ስትነግር «ቢላ ይስላል» ነው የምትለው፤ ሰንጢ የሚለው አይወጣትም። እዚህ አገር ግን የአናጺው፣ የገበሬው፣ የዌርሃውስ ሠራተኛው የዘወትር ዕቃ ነው። ስለዚህ ሳላፍር ሰንጢ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከአራቱ ችግሮችሽ ሁለቱ፣ ጥፍሩና ክሊፑ፣ የንድፍ ጉዳይ ናቸው። ቻይና ሠራቸው፣ አሜሪካ ሠራቸው ለውጥ የለውም። የሚነቃነቀውና የማይቆርጠው ደግሞ የጥንቃቄ ጉዳይ ናቸው። ጥንቃቄ የሠራተኛ ሰዓት ነው፤ የሠራተኛ ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ነው። ባልደረባሽ ግማሹን እውነት ነግሮሻል። ዋጋው ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ዕቃው ይሻላል። የሚሻለው ግን ባንዲራ ስላለበት አይደለም።

ከጥፍርሽ እንጀምር። የድሮ ዓይነት ሰንጢ መቆለፊያ የለውም። ከጀርባው በኩል ጠንካራ ሞላ አለው። ምላጩን ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። አንቺ ምላጩ ላይ ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ጥፍርሽን አስገብተሽ ስትስቢ የምትታገዪው ከሞላው ጋር ነው። ሞላው ከጠነከረ ተሸናፊው ጥፍር ነው። አሁን የሚያስቀውን ልንገርሽ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ታይተስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ግሬት ኢስተርን ከትለሪ የሚባል ፋብሪካ አለ። በፈረንጅ 2006 ነው የተቋቋመው። በድሮው ዘዴ፣ በካርቦን ብረት፣ እጅግ የሚያምሩ ሰንጢዎች ይሠራል። ሰው እየተሻማ ነው የሚገዛቸው። ሰብሳቢዎቹ ግን ራሳቸው በፍቅር «ጥፍር ሰባሪ» የሚሏቸው አሉበት። ስለዚህ ባንዲራውን ብቻ አይተሽ ብትገዢ፣ በአራት እጥፍ ዋጋ የሌላኛው እጅሽን ጥፍር ታሰብሪ ነበር።

ከዚህ ዓይነቱ ሰንጢ የግድ አንዱን ከወደድሽ፣ እጀታው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተቆረጠ ክፍተት ያለበትን ፈልጊ። ምላጩን በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ታወጪዋለሽ፤ ጥፍር አያስፈልግም። የጠነከረውንም ቢሆን ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርገሽ ቴሌቪዥን እያየሽ ሃምሳ ጊዜ ክፈቺ ዝጊው። ትንሽ ይለሰልሳል። ተአምር ግን አትጠብቂ።

ላንቺ የሚሻለው ጭራሽ ጥፍር የማይጠይቀው ነው። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነሽ፤ የዚህ ነገር አባት ጎረቤትሽ ነው። ስፓይደርኮ የሚባለው ኩባንያ ጎልደን፣ ኮሎራዶ ነው ያለው። ከኦሮራ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። በ1981 «ወርከር» የሚል ስም ያለው ሰንጢ አወጡ። ሁለት አዲስ ነገር ነበረበት። ምላጩ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለ፤ በአንድ እጅ ትከፍቺዋለሽ። ጎኑ ላይ ደግሞ ኪስ ላይ የሚሰካ ክሊፕ አለ። ዛሬ ሁሉም ሰንጢ ላይ የምናየው ክሊፕ ከዚያ የመጣ ነው። መዳፍሽን የላጠሽም የዚያው ልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ክሊፕን በተመለከተ እኔም ቂም አለኝ። ክሊፕ የሚሠራው ለኪስ ነው፤ ሰንጢውን የሚይዘው ግን እጅ ነው። ይህን የሚረሱ ንድፍ አውጪዎች ሞልተዋል። አምስት ካርቶን ስትከፍቺ አይታወቅሽም። አምስት መቶ ስትከፍቺ ጠርዙ መዳፍሽን ይበላዋል። የመኪና ቀለም ይጭራል። የሶፋ ጨርቅ ይቀድዳል። የሴት ሱሪ ኪስ ደግሞ ለጌጥ የተሰፋ ይመስል ሁለት ጣት አያስገባም። ስለዚህ ግማሹ ሰንጢ ውጭ ተንጠልጥሎ ይውላል። የክሊፑን ጠርዝ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አምስት ደቂቃ ብታሽው ግማሹ ሥቃይ ይቀራል። ካልሆነም በትንሽ ባለ ኮከብ ካቻቢቴ ፈተሽ አውጪውና ጣይው። ማንም አይከስሽም።

የግራኝነቱ ነገር ግን ከክሊፕ ያልፋል። ብዙዎቹ ርካሽ ሰንጢዎች መቆለፊያቸው ውስጥ ያለ ቀጭን የብረት ቅጠል ነው። ምላጩ ሲከፈት ቅጠሉ ወደ ጎን ሸሽቶ ከኋላው ይደግፈዋል። ለመዝጋት ቅጠሉን በአውራ ጣት ወደ ጎን ትገፊዋለሽ። በቀኝ እጅ ከያዝሽው ልክ ነው። በግራ እጅ ስትይዢው ግን አውራ ጣትሽ በተቃራኒው በኩል ይሆናል። በሌባ ጣት መታገል ይመጣል፤ ያ ጣት ደግሞ ምላጩ የሚዘጋበት መንገድ ላይ ነው። ይህ መናደድ ብቻ አይደለም፣ አደጋም ነው። አንቺ መፈለግ ያለብሽ መቆለፊያው ከጀርባው ላይ ያለውን ነው። ከላይ ትጫኚዋለሽ፣ ይለቃል። ለግራም ለቀኝም እኩል ነው። ክሊፑንም ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ለማዛወር ቀዳዳ የተዘጋጀለት ይሁን።

ወደማይቆርጠው እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ሙያዬ ነውና።

ሰው ሁሉ ሲገዛ የብረቱን ስም ይጠይቃል። ቁጥርና ፊደል ተደርድሮ ይነገረዋል፤ የገባው ያህል ራሱን ይነቀንቃል። ስም ቁም ነገር አለው። ግን በመጀመሪያ የሚቆርጠው ቅጥነት ነው። ከስለቱ ጀርባ ያለው ብረት ወፍራም ከሆነ፣ ስለቱ ምላጭ ቢሆን እንኳ ካርቶኑን እየፈለጠ እንጂ እየቆረጠ አይሄድም። እንደ መጥረቢያ ማለት ነው። ርካሽ ሰንጢ ላይ ብረቱን ማሳሳት ሰዓት ይወስዳል፤ ሲሳሳ የመጋል አደጋም አለው። ስለዚህ ወፍራሙን ትተው ጫፉ ላይ ብቻ ቸኩለው ይስሉታል። አንዳንዴ በአንዱ ጎን ሰፊ፣ በሌላው ጎን ጠባብ ስለት ታያለሽ። ያ የሠራተኛው እጅ የቸኮለበት ምልክት ነው። የአንቺም አራተኛው እንዲህ ዓይነት ይመስለኛል።

ቀጥሎ የብረቱ በእሳት መጠንከር ይመጣል። ተመሳሳይ ብረት በጥሩ እሳት ሲያልፍ ሌላ፣ በግዴለሽ እሳት ሲያልፍ ሌላ ነው። በክ የሚባለው ኩባንያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዝነኛው በክ 110 ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ፣ እጀታው እንጨትና ናስ የሆነ ከባድ ሰንጢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ብረት 420ኤችሲ ይባላል። በዛሬው የብረት ፉክክር ተራ የሚባል ብረት ነው። ግን ፖል ቦስ የሚባለው የብረት ማጠንከር ሊቅ ባወጣው መንገድ ስለሚያጠነክሩት ከስሙ በላይ ይሠራል። እኔ ጋ የሚመጡት የ30 ዓመት ዕድሜ ያላቸው በኮች አሁንም በቀላሉ ይሳላሉ። በተቃራኒው ትልቅ የብረት ስም ተጽፎባቸው እንደ ሊጥ የሚታጠፉ ስለቶች አይቻለሁ።

ካርቶን ደግሞ እንደሚመስለው ለስላሳ አይደለም። ተመልሶ ከተፈጨ ወረቀት ስለሚሠራ በውስጡ የማዕድን ብናኝ አለ። ለስለት አሸዋ ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ብትገዢ መዶልዶሙ አይቀርም። ቁም ነገሩ ቶሎ መልሶ መሳሉ ላይ ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግሽም። እናቶቻችን የሲኒ ቂጥ ላይ ቢላ ሲስሉ አላየሽም? ቀለም ያልተቀባችው የሲኒዋ የታችኛው ቀለበት ጠንካራ ሸክላ ናት። እዚህ ሱቅ ውስጥ በጥሩ ዋጋ የሚሸጡት የሴራሚክ ዘንግም ያው ዘመዷ ነው። በየቀኑ ከሺፍት በኋላ በእያንዳንዱ ጎን አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ አድርገሽ አንሸራትቺ። ማዕዘኑን በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ አካባቢ ያዢ። የስኮች ሙጫ ምላጩ ላይ ከተጋገረ በአልኮል ጨርቅ ጥረጊው። ብዙ ሰው «ዶለዶመ» ብሎ የሚያመጣልኝ ሰንጢ ሙጫ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ጠርጌ እመልስለታለሁ። አንዳንዱ ያልሳልኩት ይመስለዋል።

ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ምላጭ አትግዢ። ሁለቱንም ሥራ በግማሽ ነው የሚሠራው፤ ጥርሱን መሳል ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ምላጭም ካርቶን ላይ በወር ይላጣል። እና አንድ የግሌ ንዴት አለኝ፦ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ሰንጢ። እሱን ለመክፈት ሰንጢ ያስፈልጋል። ማን እንደፈጠረው ባውቀው ደስ ባለኝ።

የሚነቃነቀው ሰንጢሽ ከሁሉም ቀላል ነው። ማጠፊያው ላይ ብሎን ካለው አጥብቂው። ሩብ ዙር ይበቃል። ከጠበቀ በኋላ አልከፈት ካለ ትንሽ ላላ አድርጊው። እየላላ ካስቸገረ ሰማያዊውን የብሎን ሙጫ አንድ ጠብታ አድርጊበት። ቀዩን እንዳትነኪ፣ እሱ ያለ ሙቀት አይለቅም። ርካሽ ሰንጢ ላይ የብሎኑ ራስ እንደ አይብ ስለሚላጥ በልኩ የሆነ ካቻቢቴ ተጠቀሚ። ብሎን ከሌለውና በተቀጠቀጠ ሚስማር ከተያያዘ ግን ባለሙያ በመዶሻ ነው የሚያጠብቀው። ስትገዢ ብሎን ያለውን ምረጪ የምለው ለዚህ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የዋስትና ወረቀት ግን ቀድመሽ አንብቢ። ፈቶ ያየውን ሰው ዋስትና የሚሰርዙ አሉ።

እሺ፣ አሁን ወደ ማኅተሙ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ወደ አሜሪካ የሚገባ ሰንጢ የትውልድ አገሩ ብረቱ ላይ መታተም፣ መቀረጽ ወይም በአሲድ መጻፍ አለበት። እንደ ሸሚዝ ወረቀት ለጥፎ ማለፍ አይቻልም። ቢላና ሰንጢ በሕጉ ውስጥ በስም ተጠቅሰዋል። አሜሪካ የተሠራው ግን አገሩን የመጻፍ ግዴታ የለበትም። ከጻፈ ግን እውነት መሆን አለበት። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መለኪያ የዕቃው ክፍል «ሁሉም ወይም ሁሉም ለማለት የሚቻል» አሜሪካ የተሠራ ይሁን የሚል ነው። በ2021 ይህን ደንብ አድርጎ አወጣው፤ የሚጥሰው ይቀጣል። «አሜሪካ የተነደፈ» እና «አሜሪካ የተገጣጠመ» የሚሉት ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሣጥኑ ላይ ያለ ባንዲራና ንስር ምንም ማለት አይደለም። የሚነበበው ምላጩ ነው፤ ከማጠፊያው አጠገብ፣ አንዳንዴ በአጉሊ መነጽር።

ክርክሩ ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ ጉዳይ ልንገርሽ። ሌዘርማንን ታውቂዋለሽ፤ ፒንሳውም ቢላውም ካቻቢቴውም አንድ ላይ የታጠፈበት መሣሪያ። ቲም ሌዘርማን የሚባል ሰው በ1975 አውሮፓን በአሮጌ ፊያት 600 ሲዞር ነው ሐሳቡ የመጣለት። መኪናው ሲበላሽ የነበረችው ሰንጢ አልበቃችም። አዲስ አበባ ሴይቼንቶ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። መሣሪያው በ1983 ሥራ ጀመረ፤ ፋብሪካው ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ነው። ይሁንና «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» ማለቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ አስከሰሰው። በ2006 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አንዳንድ ክፍሎቹ ውጭ የተሠሩ ስለሆኑ አባባሉ የካሊፎርኒያን ሕግ ይጥሳል አለ። በኋላ ካሊፎርኒያ ራሷ ሕጓን አላላች፤ ከ2016 ጀምሮ ጥቂት የውጭ ክፍል ትፈቅዳለች። ዕቃው ሲቀየር አይደለም ማኅተሙ ሕጋዊ የሆነው።

ስምም ያታልላል። ሽሬድ ለትውልድ የአሜሪካ ገበሬ ኪስ ውስጥ የነበረ ስም ነው። ኒው ዮርክ፣ ኤለንቪል የነበረው ፋብሪካው በ2004 ተዘጋ። ስሙ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሽሬድ የሚባለው ሰንጢ በአብዛኛው ከቻይና ይመጣል። በክ ደግሞ በ2005 ከካሊፎርኒያ ወደ ፖስት ፎልስ፣ አይዳሆ ሄዶ እስከ ዛሬ እዚያ ይሠራል። ግን አንዳንድ ርካሽ ሞዴሎቹ ቻይና የተሠሩ ናቸው፣ ምላጩም ላይ ይጽፈዋል። ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥለው ታገኚያቸዋለሽ። ጎረቤትሽ ስፓይደርኮ በዚህ ይመቸኛል፤ አይደብቅም። ምላጩ ላይ ጎልደን፣ ወይም ሴኪ ጃፓን፣ ወይም ታይቹንግ ታይዋን ብሎ ይጽፋል። ጎልደን በሚሠሩት ላይ «ኮሎራዶ፣ ዩኤስኤ» ካለ በኋላ «ምድር» ብሎ ይጨምርበታል። ቀልደኞች ናቸው። የታይቹንጎቹን ፈትቼ አይቻለሁ። በሥራ ጥራት ከጎልደኖቹ አያንሱም፤ አንዳንዶቹ ይበልጣሉ።

ማኅተሙ ራሱ መጀመሪያ የመጣው ለክብር አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመኗ ዞሊንገን ርካሽ ቢላዎች የእንግሊዟን ሼፊልድ ስም እየተቀቡ ይሸጡ ነበር። ሼፊልዶች ጮኹ። በ1887 እንግሊዝ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አገሩን ይጻፍ የሚል ሕግ አወጣች። «ሜድ ኢን ጀርመኒ» የተጻፈው ሰው እንዲሸሸው ነበር። ጀርመኖቹ ሥራቸውን አሻሻሉና ያው ጽሑፍ መመኪያ ሆነ። ዛሬ ዞሊንገን የሚለው ስም ራሱ በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ነው። እንግዲህ «ቻይና» የሚለውን አይተሽ ከመናቅሽ በፊት ይህቺን አስቢ። ቻይና ውስጥ ዛሬ በጣም ጥሩ ሰንጢ የሚሠሩ አሉ። አንቺ የገዛሻቸው እነሱ አይደሉም፤ አንቺ የገዛሽው ርካሽ ነው።

ስዊዞችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ይህን በጣም እወደዋለሁ። የስዊዝ ጦር ለወታደሮቹ የኪስ ሰንጢ ሲያዝ አገር ውስጥ ያን ያህል ብዛት የሚሠራ አልነበረም። የመጀመሪያውን ዞሊንገን ሠራው። ካርል ኤልሰነር የሚባል ቢላ ሠሪ «እንዴት የወታደራችን ሰንጢ ጀርመን ይሠራል?» ብሎ ባለሙያዎቹን አስተባበረ። በ1891 የመጀመሪያውን አገር በቀል ሰንጢ አስረከበ። ከዚያስ? ጀርመኖቹ በርካሽ ይሠሩ ስለነበር ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ጥለው ወጡ። እሱም ዕዳ ውስጥ ገባ። ያዳነው በ1897 ያወጣው አዲሱ የመኮንኖች ሰንጢ ነው። በሞላዎቹ በሁለቱም ወገን መሣሪያ የሚያሠራ ዘዴ አገኘ፤ ቀላልና ብዙ ነገር የሚይዝ ሆነ። ጦሩ በመደበኛ አላደለውም። መኮንኖቹ ግን ከኪሳቸው እያወጡ ገዙት። ያ ነው ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የምንለው። ኤልሰነርን ያስነሣው የአገር ፍቅር ነው። ያተረፈው ግን ሞላው ነው።

ስለ እኛ አገር ሳስብ ይህ ያበግነኛል። «የአገርህን ምርት ግዛ» እንላለን። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ቢላ የሚሠራልንን ሰው ግን ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ስንሰድብ፣ ልጅ ሳንሰጠው ኖረናል። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አሁንም መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄጂ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ባሌስትራ ለቢላ የሚሆን ጥሩ ብረት ነው። እኔ ወጥ ቤት አንድ አለኝ። ስለቱ ግሩም ነው፤ እጀታው ግን በየስድስት ወሩ ይላላል።

ታዲያ የአገር ውስጥ ዕቃ መግዛት ጥቅም የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ሠሪው በስልክና በፖስታ የሚገኝ መሆኑ ነው። በክ አይዳሆ የሚሠራቸውን ለዕድሜ ልክ ይጠግናል። ብራድፎርድ፣ ፔንሲልቬኒያ ያለው ኬዝም የራሱን ሰንጢ ተቀብሎ ያያል። ኬዝ በነገርሽ ላይ ደስ የሚል ልማድ አለው። ከ1970 ጀምሮ ምላጩ ላይ ነጠብጣብ እያተመ በየዓመቱ አንድ ይቀንስ ነበር። አሮጌ ኬዝ ካገኘሽ ነጠብጣቡን ቆጥረሽ የተወለደበትን ዓመት ማወቅ ትችያለሽ። ያንቺን አራት ሰንጢዎች የሠራው ፋብሪካ ግን ማን እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም። የት ትልኪያለሽ? ሌላው ጥቅም ሥራ ነው። ኤለንቪል ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ ያጡት እንደ አንቺ በሺፍት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ለዚያ ብለሽ ጥቂት ብር ብትጨምሪ ሞኝ አትባዪም። ገንዘቡን የምትጨምሪው ግን እጅሽ ለሚመቸው ሰንጢ ይሁን።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። ለካርቶኑ ምላጯ የምትቀየር መቁረጫ ተጠቀሚ። አለቃሽንም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ብዙ ዌርሃውስ የራሱን መቁረጫ እንጂ የግል ሰንጢ አይፈቅድም። ምናልባት ጥሩ ሰንጢሽን ያን ሁሉ አሸዋ ላይ ማባከን አያስፈልግሽም ይሆናል።

ለግልሽ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጎልደን ሂጂ። ስፓይደርኮ ፋብሪካው ጋ መሸጫ አለው። ሁለት ሰንጢ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ ዴሊካና ኔቲቭ 5። ዴሊካ ጃፓን፣ ሴኪ ነው የሚሠራው። ኔቲቭ እዚያው ጎልደን። ሁለቱም ክብ ቀዳዳ አላቸው፤ ጥፍር አይነኩም። ሁለቱም መቆለፊያቸው ከጀርባ ነው። ሁለቱም ክሊፓቸው ወደ ግራ ይዞራል። መልካቸው አያምርም፤ ጀርባቸው ላይ ጉብታ አላቸው። ትለምጂዋለሽ። በግራ እጅሽ አሥር አሥር ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። ተከፍቶ ሳለ ምላጩን ይዘሽ ወዝውዢው። ዘግተሽ ወደ ብርሃን አንሺና ምላጩ መሐል ላይ መቀመጡን እዪ። አጥብቀሽ ጨብጪና ክሊፑ የት እንደሚያርፍ መዳፍሽን ጠይቂ። ከመዳፍሽ ጋር የተስማማው ዴሊካ ከሆነ በጃፓንነቱ አትቆጪ። እኩል ከሆኑብሽ ኔቲቭን ውሰጂ፤ የሰፈርሽ ልጅ ነው።

ርዝመታቸውም ለኮሎራዶ ሕግ ይመቻል። እዚህ ክልል ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም 9 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ የሚበልጥ ምላጭ ደብቆ መያዝ ያስጠይቃል። ሁለቱም ከዚያ በደንብ ያንሳሉ። ያ የማሞግሰው በክ 110 ግን 3.75 ኢንች ስለሆነ ኪስ ውስጥ ከተደበቀ ከመስመሩ ያልፋል። ከተሞችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ለአባትሽ ሁለት ምርጫ አለኝ፤ ሁለቱም የአሜሪካ አይደሉም። ጣቶቹ ደህና ከሆኑ ቀዩን ስዊስ ውሰጂለት፤ ብዙ መሣሪያ የሌለውን፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ መክፈቻ ብቻ ያለውን። ምላጩ አይዝግም፤ ቅባት ባይነካው ግድ የለውም። ጣቶቹ ከደከሙ የፈረንሳዩ ኦፒኔል ይሻላል። ሞላ የለውም፤ በቀላሉ ይከፈታል። ከተከፈተ በኋላ ቀለበቱን አዙሮ ይቆልፈዋል። አንድ ችግር አለው። እጀታው እንጨት ስለሆነ ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ምላጩን አላወጣም ይላል። ያኔ የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ብቅ ይላል። ፈረንሳዮቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የትኛውንም ብትወስጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በእጅ ቦርሳ ከያዝሽው ኤርፖርት ላይ ይቀራል። ስትመለሺ ደግሞ ከምናለሽ ተራ አንድ የባሌስትራ ቢላ ካመጣሽልኝ ያንቺን ሰንጢ ዓመቱን ሙሉ በነጻ እስልልሻለሁ። እጀታውን ጥብቅ አድርገው እንዲሠሩት ግን ንገሪያቸው።